አበባው በሕይወት ሳሉ

(ይህ ጽሑፍ ሙዚቃ ወዳጆች በተሰበሰቡበት አንድ ምሽት ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ። ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

በአንድ ፈረስ ልጀምር። በ1930ዎቹ ሪዮ ዴ ዣኔሮ ውስጥ ኔልሰን የሚባል ወጣት ፈረሰኛ ፖሊስ ነበር። ሥራው ማንጌይራ በሚባለው ኮረብታ ላይ ያለውን የድሆች ሰፈር እየዞረ መጠበቅ ነው። ይወጣል፣ ፈረሱን አንድ መጠጥ ቤት ደጅ ላይ ያቆማል፣ ከሰፈሩ የሳምባ፣ የብራዚል የከበሮና የጭፈራ ሙዚቃ፣ ደራሲዎች ጋር ጊታር ይዞ ይቀመጣል። ጨዋታው ይረዝማል። አንድ ቀን ፈረሱ መጠበቁ ሲሰለቸው ብቻውን ወደ ጣቢያው ተመለሰ ይባላል።

ያ ፖሊስ ኋላ ኔልሰን ካቫኪኞ ተብሎ የታወቀው ሰው ነው። ጊታሩን የሚመታው በሁለት ጣት ብቻ ነበር፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ። ድምፁ ሻካራ ነው። ችግር ሲጠናበት የዘፈኑን ድርሻ ለሌላ ሰው ይሸጥ ነበር። ከጊልዬርሜ ዴ ብሪቶ ጋር የጻፈው አንድ ዘፈን አለ፤ ርዕሱ «ስሜ ናፍቆት ሲሆን» እንደማለት ነው። ናፍቆት ብዬ የተረጎምኩት ቃል ሳውዳዴ የሚሉት ነው፤ ከእኛ ትዝታ ጋር አጥር የሚጋራ ቃል። የዘፈኑ ሐሳብ አጭር ነው። ከሞትኩ በኋላ ጸሎት እንጂ ሙገሳ አይጠቅመኝም፤ የምትሰጡኝ አበባ ካለ አሁን በሕይወት እያለሁ ስጡኝ።

ብራዚሎች ይህን የአፍ አባባል አድርገውታል። አንድን አንጋፋ ሲያከብሩ «አበባ በሕይወት» ይላሉ። በ1985 ወዳጆቹ ተሰብስበው ለኔልሰን ራሱ አንድ አልበም ሠሩለት፤ የአልበሙም ስም ይኸው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ሞተ። አበባው በጥቂት ወራት ቀደመው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ አበባ ነው። ዛሬ በ80ዎቹ ዕድሜያቸው ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ቆሞ የሚያጨበጭብላቸው የብራዚል ሙዚቀኞች፣ በወጣትነታቸው ለሽማግሌዎቻቸው ያጨበጨቡ ናቸው። እኔ ሁለቱን ነጥዬ ማየት አልችልም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እነዚህ ሰዎች በዕድሜያቸው አንቱ ሊባሉ የሚገባቸው ናቸው። እኛ ግን የምንወደውን ዘፋኝ አንተ፣ አንቺ ነው የምንለው። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ፤ ከፍቅር ነው።

ካርቶላን እንይ። በ1928 የማንጌይራን የሳምባ ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ነው። ትምህርት ቤት ሲባል ጥቁር ሰሌዳ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ሰፈሩ ለካርኒቫል፣ ለዓመታዊው የሰልፍና የጭፈራ በዓል፣ የሚዘጋጅበት ማኅበር ነው። አረንጓዴና ሮዝ ቀለም የመረጠለትም እሱ ነው። በ1940ዎቹ ታመመ፣ ሚስቱ ሞተችበት፣ ከሰፈሩም ጠፋ። ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ ደምድሞ ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሰርዢዮ ፖርቶ የሚባል ጋዜጠኛ ኢፓኔማ በሚባለው የሪዮ ሰፈር ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው አገኘ። የሥራ ልብሱ በውሃ ርሷል። መኪና አጣቢ ነው። ቀረብ ብሎ ሲያየው ካርቶላ ነው።

የመጀመሪያውን የራሱን አልበም ያወጣው በ1974 ነው። 65 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። በስድስቱ ዓመት አራት አልበም ሠራ። ዛሬ ብራዚል ውስጥ ሕፃን ሽማግሌው የሚያንጎራጉረው «ጽጌረዳዎች አይናገሩም» ከሁለተኛው፣ ከ1976ቱ አልበም የመጣ ነው። የመጨረሻው አልበሙ ርዕስ በቀላሉ «ካርቶላ 70 ዓመት» ነው።

ክሌሜንቲና ዴ ዤዙስ ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ በሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ እየዘፈነች። የምትዘፍነው እናቷ ያስተማረቻትን ነው፤ ከባርነት ዘመን የተረፉ፣ የባንቱ ቋንቋ ቃላት የቀሩባቸው ዜማዎች። ኤርሚኒዮ ቤሎ ዴ ካርቫልዮ የሚባል ወጣት ገጣሚ ሰማትና መድረክ ላይ አወጣት። ያን ጊዜ 63 ዓመቷ ነው። በ1965 «የወርቅ ጽጌረዳ» በተባለው ትርዒት ላይ ሪዮ ሰማቻት፣ በቀጣዩ ዓመት ዳካር በተደረገው የጥቁር ሕዝቦች የጥበብ ፌስቲቫል ላይ አገሯን ወክላ ዘፈነች። ድምፅዋን ያልሰማችሁ ስሙት። ከምድር ሥር የሚመጣ ነው የሚመስለው።

ዶና ኢቮኒ ላራን ሳልጠቅስ አላልፍም። ነርስና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነበረች። ከ30 ዓመት በላይ የአእምሮ ሕሙማንን አገለገለች። ሴት ሳምባ ትደርሳለች ማለት ስለማይዋጥ፣ በመጀመሪያ ጊዜ ድርሰቶቿ የሚቀርቡት በአጎቷ ልጅ ስም ነበር። በ1977 ጡረታ ወጣች። በ1978 የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። ሌላው ሰው እግሩን ዘርግቶ በሚያርፍበት ዕድሜ እሷ ሥራ ጀመረች ማለት ነው።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙዚቀኛ ነበሩ። ያልነበራቸው የሚሰማ ጆሮ ነው። ጆሮውን ያመጡት ወጣቶች ናቸው።

ካርቶላና ሚስቱ ዶና ዚካ በ1963 ሪዮ መሐል አንድ ፎቅ ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ። ስሙን ከሁለቱ ስም ገጣጥመው ዚካርቶላ አሉት። ዚካ ታበስላለች፣ ካርቶላ ይዘፍናል። ሁለት ዓመት አካባቢ ነው የቆየው፤ ገንዘብ አያያዝ አልሆነላቸውም። ግን በዚያች አጭር ጊዜ የኮረብታው ሽማግሌዎችና የከተማው ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ከመጡት ልጆች አንዱ የባንክ ጸሐፊ ነበር። ዝምተኛ፣ ትሑት፣ ጊታር የያዘ ልጅ። ዛሬ ፓውሊኞ ዳ ቪዮላ የምንለው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የዚህ ሁሉ ነገር ልብ ለእኔ እዚህ ነው።

በ1970 ፓውሊኞ 27 ዓመቱ ነው። ስለሚወደው የሳምባ ትምህርት ቤት፣ ስለ ፖርቴላ፣ የጻፈው ዘፈን አገር ምድሩን ይዞታል። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል ዝና ያገኘ ልጅ ቀጣዩን የራሱን አልበም ነው የሚያስበው። እሱ ግን ወደ ፖርቴላ ሰፈር ወደ ኦስዋልዶ ክሩዝ ሄደና ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ። ኑሯቸውን በሌላ ሥራ የሚገፉ፣ ከ20 እና ከ30 ዓመት በፊት የደረሱት ዘፈን በጭንቅላታቸው ብቻ የቀረ ሰዎች ናቸው። ስቱዲዮ አስገብቶ አስቀዳቸው። «ፖርቴላ፣ የክብር ትናንት» የሚለው አልበም ወጣ። ቡድኑም የፖርቴላ ቬልያ ጉዋርዳ ተባለ፤ የፖርቴላ አንጋፋ ዘብ እንበለው።

ከዚያ ወዲህ ይህ ቡድን አባሎቹ እየሞቱ፣ ሌሎች እየተተኩ፣ እስከ ዛሬ አለ። ወንዶቹ ሰማያዊና ነጭ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ፓስቶራስ ይባላሉ፤ ቃሉ እረኞች ማለት ነው፤ ተቀባዮቹ እነሱ ናቸው። እኔ ደጋግሜ ያየሁት ቪዲዮ አለ። ግቢ ውስጥ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ፣ ከጓሮ ባቄላውና ሥጋው እየተቀቀለ። አንዱ ሽማግሌ አንድ ስንኝ ይጀምራል፤ ይረሳዋል። ፓስቶራዋ ከፊቱ ሳትነሳ ትቀጥልለታለች። እሱ በራሱ ንቅንቅ «ልክ ነሽ» ይላታል። ማንም አላቋረጠም፣ ማንም አላፈረም።

የሳምባ ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲህ ዓይነት የአንጋፋዎች ቡድን አላቸው። ካርኒቫል ላይ እነሱ ሲያልፉ ሕዝቡ ይነሳል። እርጅና እዚያ ማዕረግ ነው፤ ልብሱም ቦታውም የተለየ ነው።

ፓውሊኞ ይህን ከቤቱም ያውቀዋል። አባቱ ሴዛር ፋሪያ ጊታሪስት ነበር። እስኪያረጅ ድረስ ከልጁ ጋር አንድ መድረክ ላይ እየተጫወተ ኖረ። ልጁ ዛሬ ራሱ ከ80 አልፏል። ከሙዚቃው ሌላ አናጢነት ይወዳል፤ እንጨት ይልጋል፣ ይጠግናል። ስለ እሱ በ2003 የተሠራው ዘጋቢ ፊልም «ጊዜዬ ዛሬ ነው» ይላል።

አሁን ወደ 1942 እንሂድ። በዚያ አንድ ዓመት ብራዚል ውስጥ አራት ልጆች ተወለዱ። ዢልቤርቶ ዢል ጁን 26፣ ካኤታኖ ቬሎዞ ኦገስት 7፣ ሚልተን ናሲሜንቶ ኦክቶበር 26፣ ፓውሊኞ ኖቬምበር 12። በእኛ አቆጣጠር ብናሰላው እንቁጣጣሽ መሐላቸው ትገባለች። ዢል ሰኔ 19፣ ካኤታኖ ነሐሴ 1 ቀን 1934፤ ሚልተን ጥቅምት 16፣ ፓውሊኞ ኅዳር 3 ቀን 1935። ለእኛ ሁለቱ የአንድ ዓመት ታላቅ ናቸው። አራቱም በ2022 ሰማንያ ሞሉ። ብራዚል ዓመቱን ሙሉ ልደት ስታከብር ነው የከረመችው።

ዢልና ካኤታኖ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ያለችው የባሂያ ልጆች ናቸው። በ1968 ትሮፒካሊያ የተባለውን የሙዚቃ እንቅስቃሴ አስነሱ፤ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ከባሂያ ከበሮ ጋር ደባለቁት። አገሪቱ በወታደሮች እጅ ናት። ዲሴምበር 13 ቀን 1968 መንግሥት አፈናውን የሚያጠብቅ አዋጅ አወጣ። በሁለት ሳምንቱ፣ ዲሴምበር 27፣ ሁለቱም ታሰሩ። ፀጉራቸው ተላጨ። ከእስር ወጥተው በጁላይ 1969 በባሂያ ዋና ከተማ በሳልቫዶር ላይ የስንብት ኮንሰርት አደረጉ፤ መሄጃ ገንዘብ ለማግኘት ነበር። ከዚያ ወደ ለንደን ተሰደዱ። የተመለሱት በ1972 ነው።

አስቡት፤ የመጀመሪያ የስንብት ኮንሰርታቸውን ያደረጉት በ27 እና በ26 ዓመታቸው ነው። ከአገር እየተባረሩ።

ያ ዢል ከ2003 እስከ 2008 የዚያችው አገር የባህል ሚኒስትር ሆነ። በ2003 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አዳራሽ ሲዘፍን፣ ዋና ጸሐፊው ኮፊ አናን ኮንጋ ከበሮ እየመታ አጀበው። በ2015 ሁለቱ ጓደኛሞች ጊታራቸውን ብቻ ይዘው ዓለምን ዞሩ። ጉዞውን «ሁለት ጓደኛሞች፣ የአንድ ምዕተ ዓመት ሙዚቃ» አሉት፤ 50 ሲደመር 50።

ካኤታኖ ስለ ሽማግሌዎቹ የሚያስበውን ለማወቅ ገና በ1973 ያወጣውን አልበም መስማት ይበቃል። እዚያ ላይ ከትውልድ ከተማው ከሳንቶ አማሮ ያመጣት ዶና ኤዲት አለች። መሣሪያዋ ሸክላ ሳህንና ቢላዋ ነው። ቢላዋውን በሳህኑ ጠርዝ ላይ እየፈገፈገች ምቱን ታወጣለች፤ የአካባቢው ሴቶች የሳምባ ጨዋታ እንደዚያ ነው። ኤዲት የራሷን አልበም ያወጣችው ከ80 ዓመት በላይ ሆኗት ነው። ካኤታኖ 80ኛ ልደቱን ሲያከብር ደግሞ ግብዣ አዳራሽ ውስጥ ኬክ አልቆረሰም። ከሦስት ወንዶች ልጆቹና ከእህቱ ከማሪያ ቤታኒያ ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ ሲዘፍን አመሸ። ቤታኒያ ስትወለድ ስሟን ያወጣላት እሱ ነው፤ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ከሚወደው ዘፈን ወስዶ። በ2024 ሁለቱ አብረው ስታዲየም ለስታዲየም ዞሩ። እሱ 82፣ እሷ 78። እናታቸው ዶና ካኖ 105 ዓመት ኖራለች፤ ዕድሜው ከቤት ነው።

ዢል የስንብት ጉዞውን የጀመረው ማርች 15 ቀን 2025 ሳልቫዶር፣ ፎንቴ ኖቫ ስታዲየም ነው። የጉዞው ስም «ንጉሥ ጊዜ»፣ ከ1984 ዘፈኑ የተወሰደ። አብረውት ከሚጫወቱት ውስጥ ልጆቹ አሉ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል መጨረሻ ሳኦ ፓውሎ ላይ ሴት ልጁ ፕሬታ ዢል መድረክ ወጣች። እሷም ዘፋኝ ነበረች። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የአንጀት ካንሰር ይዟት ሕክምና ላይ ነበረች። አባትና ልጅ «ድራዎ»ን አብረው ዘፈኑ።

ይህ ዘፈን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ድራዎ የፕሬታ እናት የሳንድራ የቁልምጫ ስም ነው። ዢል የጻፈው ከሳንድራ ጋር ሲለያዩ ነው። ፍቅራችን እንደ ዘር ነው፣ ለመብቀል መጀመሪያ መሞት አለበት ይላል። የስንዴዋን ቅንጣት ነገር ከወንጌል የምናውቅ ሰዎች ወዲያው ይገባናል። ወላጆቿ ሲለያዩ ሕፃን የነበረች ልጅ፣ 50 ዓመቷ ሆኖ፣ ታማ፣ ያንን ዘፈን ከአባቷ ጋር በአሥር ሺዎች ፊት ትዘፍናለች። ያየሁት በስልክ ነው። ስልኩን አስቀምጬ ብዙ ደቂቃ ተቀመጥኩ።

ፕሬታ ጁላይ 20 ቀን 2025 ለሕክምና በሄደችበት ኒው ዮርክ አረፈች። ዢል በ1990ም ከበሮ መቺ ልጁን ፔድሮን በመኪና አደጋ አጥቷል። ጉዞው ከሐዘኑ በኋላ ቀጠለ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ እንዴት ቻለ ይላል። እኔ የሚመስለኝ፣ ያ መድረክ ለእሱ የሐዘን ቤትም ነበር። ሰው መጥቶ አብሮት ተቀመጠ።

ሚልተን ሌላ ነው። እናቱ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ገና ሕፃን ሳለ ሞተችበት። ያሳደጉት እሷ ትሠራበት የነበረው ቤት ሰዎች ናቸው፣ ሚናስ ዤራይስ ውስጥ ትሬስ ፖንታስ በምትባል ትንሽ ከተማ። በ1972 ከ20 ዓመቱ ልጅ ከሎ ቦርዢስ ጋር «የማዕዘኑ ክበብ» የሚለውን አልበም ሠራ። ክበብ ሲባል ሕንፃ የለውም፤ ቤሎ ኦሪዞንቴ ውስጥ ልጆች ጊታር ይዘው የሚቀመጡበት የመንገድ ጥግ ነው። በእነዚያው ዓመታት ክሌሜንቲናን ስቱዲዮ ጠርቶ አብሯት ቀዳ። እሷ ከ70 አልፋለች።

በ2022 ሚልተን መድረክ እንደሚሰናበት አስታወቀ፤ መድረክን እንጂ ሙዚቃን አይደለም አለ። የመጨረሻው ምሽት ኖቬምበር 13፣ ቤሎ ኦሪዞንቴ፣ ሚኔይራዎ ስታዲየም ነበር። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞላው። ከአራት ቀን በፊት የትውልዱ ታላቅ ዘፋኝ ጋል ኮስታ ሞታለች፤ ምሽቱን ለእሷ ሰጣት። እሱ ተቀምጦ ነው የዘፈነው። ድምፁ እንደ ድሮው ላይ አይወጣም። የማይደርስበትን ቦታ ሕዝቡ ወጣለት። የማዕዘኑ ክበብ ልጆችም መጡ፣ ሁሉም ሸብተው፣ ሎ ቦርዢስም ነበረ። ሎ ቦርዢስ ኖቬምበር 2025 ሞተ። ያ ምሽት ባይደረግ ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

ሁሉም ቦታ ግን አበባ የለም። በ2024 ሚልተን ከአሜሪካዊቷ የጃዝ ሙዚቀኛ ከኤስፔራንዛ ስፓልዲንግ ጋር የሠራው አልበም ለግራሚ ሽልማት ታጨ። በፌብሩዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ ሲሄድ ዋናው አዳራሽ ጠረጴዛ ላይ ወንበር አልተሰጠውም። ኤስፔራንዛ የእሱን ፎቶ ይዛ ተቀመጠች። 82 ዓመት የሞላው፣ የዓለምን ሙዚቀኞች ያስተማረ ሰው! እስካሁን ያናድደኛል። ወር ያህል ቆይቶ ግን ፖርቴላ የካርኒቫል ትርዒቱን በሙሉ ስለ እሱ አደረገ። በሺህ የሚቆጠር ሰው የእሱን ሕይወት ለብሶ ሰልፍ ወጣ። እሱም እዚያው ነበረ፣ መኪናው ላይ ተቀምጦ።

ስንብት የማይፈልጉም አሉ። ኤልዛ ሶዋሬስ በ1953 ለመጀመሪያ ጊዜ የሬዲዮ ውድድር ላይ ስትቀርብ የእናቷን ልብስ በመርፌ ቁልፍ አጥብባ ለብሳ ነበር። ሕዝቡ ሳቀባት። አቅራቢው ከየት ፕላኔት ነው የመጣሽው አላት። «ከረሃብ ፕላኔት» አለችው። ልጅነቷን ሳትጨርስ ተድራ ወልዳለች፣ ልጅም ቀብራለች። በ2015፣ 85 ዓመት ገደማ ሆኗት፣ «የዓለም መጨረሻዋ ሴት» የሚለውን አልበም አወጣች። አብረዋት የሠሩት የሳኦ ፓውሎ ወጣቶች ናቸው። አከርካሪዋ ስለታመመ እንደ ዙፋን ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች። እስከ መጨረሻው ልዝፈን ትላለች ዘፈኑ ላይ። ቃሏን ጠበቀች። በጃንዋሪ 2022 ሳኦ ፓውሎ ትልቁ ቲያትር ውስጥ ኮንሰርት አስቀዳች። ሁለት ቀን ቆይታ ጃንዋሪ 20 በቤቷ አረፈች፤ 91 ዓመቷ ነበር።

አንድ ሰው ቀርቶኛል። ኤርሜቶ ፓስኮዋል በ1936 በአላጎዋስ ገጠር ተወለደ። ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል እርሻ አይወጣም፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። ኋላ ያልተጫወተበት ነገር የለም። የሻይ በራድ ውሃ ሞልቶ በአፉ እየነፋ መድረክ ላይ ተጫውቶበታል። ሴፕቴምበር 13 ቀን 2025 በ89 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ቤተሰቡ ሊያከብረው የሚፈልግ ሁሉ አንዲት ድምፅ እንዲያሰማ ጠየቀ፤ በመሣሪያ፣ በጉሮሮ፣ በበራድም ቢሆን።

60 ዓመቱን በደፈነ ማግስት፣ ጁን 23 ቀን 1996፣ አንድ ነገር ጀመረ። በየቀኑ አንድ አዲስ ዜማ መጻፍ። እስከ ጁን 22 ቀን 1997 አንድም ቀን ሳያዛንፍ ቀጠለ። የጻፈበት ምክንያት ማንም ሰው፣ የትም ቢወለድ፣ በልደቱ ቀን የራሱ ዜማ እንዲኖረው ነው። ፌብሩዋሪ 29 የተወለዱትንም አልረሳም፤ ስለዚህ 366 ናቸው። ኖታው በ2000 በመጽሐፍ ታትሟል። ዛሬ ቤት ስትገቡ የተወለዳችሁበትን ቀን በፈረንጅ አስልታችሁ ፈልጉት። ጳጉሜ የተወለዳችሁም ሴፕቴምበር ላይ ታገኙታላችሁ፤ ከ6 እስከ 11 ያሉትን እዩ።